ወበቅ ላይ ፀጉሬ እየተንጨባረረ አስቸገረኝ፤ ምን ልግዛ?

የዱባይዋ

ሰላም እህቶቼ። ከአዲስ አበባ ወደ ዱባይ ከመጣሁ ጥቂት ወራት ሆነኝ። ሆቴል ሪሴፕሽን ላይ ነው የምሠራው፣ ስለዚህ ፀጉሬ ሥርዓት ይዞ መታየት አለበት። ሱፐርቫይዘራችን በዚህ ነገር ቀልድ አታውቅም።

ፀጉሬ የራሴ ነው፣ ሪላክሰር ነክቶት አያውቅም። ወፍራምና ጥቅልል ያለ ነው፣ ትከሻዬን አለፍ ይላል። አዲስ እያለሁ ፔስትራ ከተደረግኩ ሳምንቱን ይይዝልኝ ነበር። እዚህ ግን ጠዋት ኤሲ ስር ሆኜ አስተካክዬ እወጣለሁ፣ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ትንሽ ቆሜ ሥራ ቦታ ስደርስ ግንባሬ ዙሪያ ያለው ሁሉ ቆሟል፣ ከኋላ ደግሞ ሥሩ ተጠቅልሎ ጫፉ ብቻ ቀጥ እንዳለ ይቀራል። በጣም ነው የሚያሳፍረኝ።

አብራኝ የምትኖረው ልጅ ፀጉርሽ ደርቆ ነው፣ ግሊሰሪን ያለበት ነገር ተቀቢ ትለኛለች። ሌላዋ ፀጉር ለወራት ቀጥ የሚያደርገውን ኬራቲን ተሠሪና ተገላገዪው አለችኝ። ሱፐርማርኬት ስገባ መደርደሪያው ሙሉ መንጨባረርን ይከላከላል የሚል ዕቃ ነው፣ የቱን እንደምወስድ ግራ ይገባኛል። ከ100 ድርሃም በላይ ማውጣት አልችልም፣ ቤተሰብ ጋ የምልከው አለ። አንድ ደግሞ ያልገባኝ ነገር፣ አዲስ አበባም ክረምት ሲሆን ዝናብ በዝናብ ነው። ለምን እዚያ እንዲህ አልሆነብኝም?

ለጋ ቅቤ

የኔ እህት ምን ግዢ ውስጥ ያስገባሻል? ቅቤ ነው መልሱ። እናቶቻችን ምን ሻምፖ ነበራቸው? አስልከሽ ቅዳሜ ማታ ጥግብ አድርገሽ ተቀቢ፣ በሻሽ ጠቅልለሽ እደሪ። ወዙን ታዪዋለሽ።

ፀጉር ሠሪዋ

አዲስ አበባ ፀጉር ቤት ነበረኝ፣ አሁን ሻርጃ ነው የምሠራው። የመጨረሻውን ጥያቄሽን አስቀድማለሁ፣ ምክንያቱም እሱ ከገባሽ ምን እንደምትገዢ ራስሽ ታውቂዋለሽ።

አዲስ አበባ ነሐሴ ላይ አየሩ እርጥብ ነው፣ ግን ቀዝቃዛ ነው። ቀዝቃዛ አየር ብዙ ውሃ አይሸከምም። እዚህ ነሐሴ ሞቃትም እርጥብም ነው። ስልክሽ ላይ የአየር ሁኔታ ስታዪ የእርጥበቱን ፐርሰንት ተዪውና የጤዛ ነጥብ (dew point) የሚለውን ፈልጊ፣ አየሩ ቀዝቅዞ ጤዛ የሚሆንበት ሙቀት ነው፣ ከፍ ባለ ቁጥር አየሩ ብዙ ውሃ ይዟል ማለት ነው። አዲስ አበባ በክረምት 12 ዲግሪ አካባቢ ነው። ዱባይ ሐምሌና ነሐሴ ላይ 25ን የሚያልፍበት ቀን ብዙ ነው። ቁጥሩን ሲያዩት ያን ያህል አይመስልም፣ ግን አየሩ ውስጥ ያለው ውሃ ከእጥፍ በላይ ነው።

ፔስትራ ደግሞ የፀጉርን ቅርጽ ለጊዜው ብቻ ነው የሚቀይረው። ፀጉር ውስጥ ሃይድሮጂን ቦንድ የሚባሉ ደካማ ማያያዣዎች አሉ። ሲረጥቡ ይለቃሉ፣ ሲደርቁ ባሉበት ቅርጽ እንደገና ይያያዛሉ። በፎን ቀጥ አድርገሽ ስታደርቂው ቀጥ እንዳለ ይያዛል። ፌርማታ ላይ ስትቆሚ አየሩ ራሱ መልሶ ያረጥበዋል፣ ፀጉሩም ወደ ተፈጥሮው ይመለሳል። ሥሩ ቀድሞ የሚጠቀለለው በወበቁ ላይ የጭንቅላት ላብ ስለሚጨመርበት ነው። ስለዚህ ፀጉርሽ ጤነኛ ሆኖም ይሄ ሊደርስበት ይችላል። ካውያ የበዛበት ወይም ቀለም የገባበት ከሆነ ግን ይብሳል፣ ምክንያቱም የላይኛው ሽፋኑ ስለሚከፈት ውሃ ቶሎ ይገባዋል።

አሁን ወደ ግሊሰሪኑ። ግሊሰሪን ውሃ ሳቢ ነው። ደረቅ ባልሆነ፣ መካከለኛ አየር ላይ ግሩም ነገር ነው። ዱባይ ነሐሴ ላይ ግን ከአየሩ ውሃ እየሳበ ፀጉርሽ ላይ ያከማቻል፣ ፀጉሩ ያብጣል፣ ከዚያ የምትሸሺው ነገር ራሱ ይመጣል። የጤዛ ነጥቡ 16 ካለፈ ግሊሰሪን፣ ፕሮፒሊን ግላይኮልና ማር የበዛበትን ነገር ተዪ።

የሚያስፈልግሽ ውሃ የሚከለክል ነው። ሴረም ግዢ፣ ዲሜቲኮን የሚል ያለበትን። መጨረሻው "ኮን" ወይም "ሳይሎክሴን" የሚል ስም ካየሽ ሲሊከን ነው። ቀጭን ሽፋን ሆኖ ፀጉሩ ላይ ይቀመጣል፣ ውሃ እንደልቡ አያስገባም። ርካሹም ውዱም ይሄንኑ ነው የሚያደርገው፣ ስለዚህ ለጠርሙሱ ማማር ገንዘብሽን አታውጪ። ገና እርጥብ እያለ የአተር ፍሬ ያህል እጅሽ ላይ አሽተሽ ከመሃል ወደ ጫፍ ቀቢ፣ ሥሩን አትንኪ። ሲደርቅ ሌላ ጠብታ ላዩን ብቻ አስነኪው። ሲሊከን ስለሚከማች በሳምንት አንዴ በደንብ በሚያጸዳ ሻምፖ ታጠቢ፣ አለዚያ ፀጉሩ ይከብድና ይፈዛል።

ስለ ቅቤው፣ ለጋ ቅቤ ያልሽው እውነትሽን ነው፣ ቅቤ ፀጉር ያለሰልሳል፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን በ40 ዲግሪ ሙቀት ይቀልጥና አንገት ላይ ይወርዳል፣ ሽታው ደግሞ ሪሴፕሽን ላይ አይሆንም። በዕረፍትሽ ዋዜማ ተቀብተሽ አድረሽ ብትታጠቢው ነው የሚሻለው።

የጂዳዋ

አሰላሙ አለይኩም። ፀጉር ሠሪዋ ያለችው በትክክል ደርሶብኛል። ሪያድ ስሠራ ግሊሰሪን ያለበት ክሬም ነበር የምጠቀመው፣ ፀጉሬን ለስላሳ አድርጎልኝ ነበር። ሪያድ ከባሕር ስለራቀ እንዲህ ያለ ወበቅ የለውም። ጂዳ ስዛወር ያው ክሬም ያው እኔ፣ ፀጉሬ ግን ሌላ ሆነ። ጂዳ ቀይ ባሕር ዳር ናት፣ ማታ ማታ እንኳ ወበቁ አይለቅም። ክሬሙን ለውጬ ነው ያረፍኩት።

ሂጃብ ለምትለብሱ እህቶች አንድ ነገር ልጨምር። ፀጉራችሁ ሳይደርቅ አትሸፍኑት። እርጥብ ሆኖ ከታፈነ ቀኑን ሙሉ አይደርቅም፣ ሥሩ ያሳክካል፣ ማታ ስትፈቱት ደግሞ ተጨፍልቆ ተንጨባሮ ታገኙታላችሁ። ከሥር የምትለብሱት ኮፍያ ሳቲን ይሁን፣ ጥጥ ፀጉሩን ይፈትገዋል፣ የቀባችሁትንም ይመጥጠዋል። የዱባይዋ፣ አንቺም ሂጃብ ባትለብሺ ከቤት እስከ ሥራ በሳቲን ሻሽ ሸፍነሽው ብትሄጂና እዚያ ብትፈቺው ይጠቅምሻል ባይ ነኝ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

እኔ በግሊሰሪን ላይ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። የዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ሐምሌም እንዲሁ የሚያጣብቅ ነው፣ ታውቁታላችሁ፣ ግን ግሊሰሪን ያለበት ጄል ተጠቅሜ ችግር የለብኝም። ልዩነቱ እኔ ፀጉሬን ቀጥ አላደርገውም። ጥቅልሉን እንዳለ ነው የምለቀው። ስለዚህ ትንሽ ቢያብጥም ቅርጹን አይለቅም።

እና የዱባይዋ፣ ለምን በሐምሌ ከአየሩ ጋር ትታገያለሽ? ጥቅልሉን አሳምረሽ ልበሺው። ታጥበሽ ስትወጪ ውሃው ሳይንጠፈጠፍ ሳይታጠብ ፀጉር ላይ የሚተወውን ኮንዲሽነር ቀቢ፣ በላዩ ጠንከር ያለ ጄል በእጅሽ እየጨመቅሽ አስገቢ። በፎጣ አትፈትጊው፣ አሮጌ የጥጥ ቲሸርት በቂ ነው። ከዚያ ጨርሶ እስኪደርቅ እጅሽን ሰብስቢ! ግማሽ ደርቆ መንካት ነው ሁሉን ነገር የሚያበላሸው። ሲደርቅ ጄሉ ድርቅ ያለ ቅርፊት ይሠራል፣ አትደንግጪ፣ አንድ ጠብታ ዘይት እጅሽ ላይ አድርገሽ ጨመቅ ጨመቅ ስታደርጊው ይለሰልሳል። ከዚያ ሴረሙን ላዩን። ታኅሣሥና ጥር ላይ እኛ ጋ ማሞቂያ ቤቱን ሲያደርቀው ደግሞ ሌላ ዕቃ ነው የምይዘው፣ አንድ ዕቃ ዓመቱን ሙሉ አይሠራም።

ፀጉር ሠሪዋ

ልክ ነሽ፣ ቀጥ ላላለ ፀጉር ግሊሰሪን ያን ያህል አይጎዳም፣ በተለይ ጠንካራ ጄል ውስጥ ካለ። እኔ ያልኩት ለፔስትራ ነው። ቀጥ ብሎ እንዲቆይ ለሚፈለግ ፀጉር ግን አሁንም አይሆንም እላለሁ።

የዱባይዋ

እግዚአብሔር ይስጣችሁ! ቤት ያለውን ክሬም ገልብጬ አነበብኩት። ከውሃ ቀጥሎ ሁለት ነገር ተጽፎ ግሊሰሪን ይላል። ይሄ ብዙ ነው ማለት ነው? ጥቅልሉን እንዳለ መልበስ ደስ ይለኛል፣ ሥራ ቦታ ንጹሕ ሆኖ ከታየ አይከለክሉም። ኬራቲኑንስ ምን ትላላችሁ? የመከረችኝ ልጅ ለወራት ያሳርፍሻል፣ ፎርማልዴይድ የለውም ብላኛለች።

ፀጉር ሠሪዋ

አዎ ብዙ ነው። ዕቃው ላይ የሚጻፈው እንደ ብዛቱ ነው፣ የበዛው ይቀድማል። ከ1 ፐርሰንት በታች ያሉት ጋ ሲደረስ ነው ቅደም ተከተሉ የማይጠበቀው። ከሽቶው በኋላ መጨረሻ ላይ ቢጻፍ አያሳስብሽም ነበር። አትጣዪው፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ አየሩ ሲቀል ተጠቀሚበት።

ኬራቲን ላይ ግን እባክሽ ረጋ በዪ። ይሄን የምለው ገበያ ስለሚያሳጣኝ አይደለም፣ እንዲያውም የሚያዋጣ ሥራ ነው። እኔ ግን አልሠራም። ፀጉር ለወራት ቀጥ ብሎ እንዲቆይ ከሚያደርጉት ብዙዎቹ ሲሞቁ ፎርማልዴይድ ይለቃሉ። ፎርማሊን የምንለው እሱ ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ነው። ካንሰር እንደሚያመጣ የታወቀ ነገር ነው፣ የአውሮፓ ኅብረትም በመዋቢያ ውስጥ ከልክሎታል። "የለውም" የሚለው ጽሑፍ ብቻውን አያሳምንሽ። በፈረንጆቹ 2011 የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ማስጠንቀቂያ የጻፈው እኮ ከፎርማልዴይድ ነፃ ተብሎ ለተሸጠ ዕቃ ነው። ውስጡ ሜቲሊን ግላይኮል ነበረበት፣ ያ ደግሞ ካውያ ሲነካው ፎርማልዴይድ ይሆናል። ካውያው ሲያርፍ ዓይንሽን ካቃጠለሽ፣ ጉሮሮሽን ከያዘሽ፣ ተነሽና ውጪ። ግላዮክሲሊክ አሲድ የሚል ካየሽም ይቅርብሽ፣ ከኩላሊት ጉዳት ጋር ያያያዙት ሐኪሞች አሉ። አንቺ አንዴ ተሠርተሽ ትሄጃለሽ፣ ሠሪዋ ልጅ ግን ቀኑን ሙሉ ትተነፍሰዋለች። ለእሷም አስቢላት።

ሹሩባ ወዳድ

ሁላችሁም ዕቃ ዕቃ አላችሁ፣ ሹሩባን የት ጣላችሁት? ሐምሌና ነሐሴን ተሠርተሽ አሳልፊ። ከፊት ቀጭን ቁጥር፣ ከኋላ ታስሮ፣ ለዩኒፎርምም ያምራል። ወበቅ ምንም አያመጣበትም።

የጂዳዋ

ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ግን ጠብቃ እንዳትሠራሽ። ግንባርና ጆሮ አካባቢ ቆዳው ተወጥሮ ነጭ ነጭ ፍንጣሪ ካወጣ ፍቺው። እየደጋገመ የሚጎተት ፀጉር ከሥሩ ይመለጣል፣ ዘግይቶ ከተደረሰበት ደግሞ ላይመለስ ይችላል።

የዱባይዋ

ሹሩባውን ለነሐሴ አስቤዋለሁ። ኬራቲኑን ትቼዋለሁ። ሴረም 30 ድርሃም ገዛሁ፣ ሁለተኛው ላይ ዲሜቲኮን ይላል። ለጄሉ ግን ሱፐርማርኬት ያየኋቸው ሁሉ ግሊሰሪን አለባቸው። ተልባ ቤት አለ፣ እሱን ቀቅዬ ብጠቀምስ?

ፀጉር ሠሪዋ

ይሆናል፣ በጣም ይሆናል። ለሁለት ኩባያ ውሃ ሩብ ኩባያ ያልተፈጨ ተልባ። እያማሰልሽ ቀቅዪው፣ ልክ የእንቁላል ነጭ መስሎ ሲዝለገለግ አውርጂ። ትኩስ እያለ በስቶኪንግ አጥልዪው፣ ከቀዘቀዘ አይወርድልሽም። መያዙ ከገበያው ጄል ይላላል፣ ስለዚህ ከደረቀ በኋላ ሴረሙን በላዩ አትርሺ። መከላከያ ኬሚካል ስለሌለው ፍሪጅ ውስጥ ከሳምንት በላይ አታቆዪው፣ ሽታው ከተለወጠ ድፊው።