ለትምህርት ቤቱ የምናቀርበው የጨረቃ ምሽት፦ ታይኮን መቼ እናሳይ?

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ረቂቁ ይኸው። በጥቅምት አንድ ምሽት፣ ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ዕለት፣ ጨረቃ ላይ ያለውን ታይኮ የሚባለውን ጉድጓድ ለተማሪዎቹ በቴሌስኮፕ እናሳያለን። ክረምቱ ካለፈ ደመናው ይቀልልናል ብዬ ነው። እስቲ አስተያየታችሁን።

መምህርቷ፦ ጋሼ፣ በጥቅምቱ እስማማለሁ። በሙሉ ጨረቃው ግን አይሆንም። ያን ቀን ፀሐይ ፊት ለፊት ስለምታበራ ጥላ የለም። 85 ኪሎ ሜትር የሚሰፋ፣ ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጠልቅ ጉድጓድ ነጭ ነጥብ መስሎ ይቀራል። ግማሽ ከሆነች ከሁለት ቀን በኋላ ይሁን። ያኔ ጠርዙ ጥላውን ወደ ውስጥ ይጥላል፤ መሀሉ ላይ ያለው ተራራ ደግሞ ጫፉ በርቶ ይታያል። በስተደቡብ ያለውን ክላቪየስ የሚባለውን ጉድጓድም እግረ መንገዳችንን እናሳያለን። እሱማ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል።

ጸሐፊ፦ ጨረሮቹስ? ከታይኮ ተነስተው ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄዱት ነጫጭ መስመሮች የሚደምቁት በሙሉ ጨረቃ ነው። እኔን የማረከኝ እሱ ነው።

መምህርቷ፦ እሱስ እውነትዎን ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ እንግዲያው ሁለት ምሽት ይሁና። ጨረሮቹ በባይኖኩላር ይታያሉ። ቴሌስኮፑን ሁለቴ ለማጓጓዝ ግን ብር የለንም።

አዲሷ አባል፦ ልጆቹ «ጉድጓዱን ማን ቆፈረው?» ማለታቸው አይቀርም። ትሪ ላይ ዱቄት አንጥፈን፣ ከላይ በርበሬ ነስንሰን ጠጠር ብንጥልበትስ? ነጩ ዱቄት ዙሪያውን ሲረጭ ጨረር ይሠራል።

ገንዘብ ያዥ፦ አንቺ ልጅ፣ የበርበሬ ዋጋ አልሰማሽም? ደግሞ ዓይናቸው ውስጥ ቢገባስ! ቀይ አፈር ይበቃል።

መምህርቷ፦ ሙከራው ደስ ይላል፣ ይግባ። አንድ ነገር ግን እንንገራቸው። ጠጠሩ ትሪው ላይ ቁጭ ብሎ ይቀራል። ከጠፈር ወድቆ ታይኮን የፈጠረው ዐለት ግን ከፍጥነቱ የተነሳ አብዛኛው ቀልጦና ተንኖ ነው የጠፋው። የታይኮንም ዕድሜ እናንሳ፤ 108 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይባላል። ግምቱ የመጣው ሰዎችን ይዞ ጨረቃ ላይ ያረፈው የአሜሪካው አፖሎ 17 በ1972 እ.ኤ.አ. ካመጣው አፈር ነው። የሚገርመው፣ መንኮራኩሯ ያረፈችው ከታይኮ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ነው። የታይኮ ፍንጣሪ እዚያ ድረስ ደርሶ የተራራ ናዳ ሳያስነሳ አልቀረም።

ጸሐፊ፦ በዚያን ጊዜ እኮ ምድር ላይ ዳይኖሰሮች ነበሩ። ይህቺን መግቢያው ላይ አስገባታለሁ። የመጀመሪያው ምሽት 1 ሰዓት ላይ፣ ሙሉ ጨረቃው 2 ሰዓት ላይ፤ ከፍ እስክትል እንጠብቃት። የግቢው መብራት መጥፋት አለበት። ዘበኛውን ማን ያናግር?

አዲሷ አባል፦ እኔ። ሰፈሬ ነው።