ረጅም መብራት ሳበራ ኤልኢዲው ይጠፋል፣ እርዱኝ በናታችሁ

ሰላም ወገን፣ ከጎንደር ነኝ። በድሮ ላንድ ክሩዘር እንግዳ ይዤ ደባርቅ፣ ሰሜን ተራሮች እመላለሳለሁ፣ ማታ ሊማሊሞ ላይ የመኪናዋ መብራት ኩራዝ ስለሆነብኝ ባለ 120 ዋት ኤልኢዲ ባር ገዝቼ ራሴ ገጠምኩት።

ሪሌው (በትንሽ ኤሌክትሪክ ተስቦ ትልቁን መስመር የሚያገናኘው ማብሪያ) ላይ እግር ቁጥር 30ን በ15 አምፔር ፊውዝ ከባትሪ፣ 87ን ወደ ባሩ፣ ከሪሌው መሳቢያ ጥቅል ሁለት ጫፎች 85ን ቦዲ ላይ ማሳ (ኔጌቲቭ)፣ 86ን ደግሞ ከረጅም መብራቱ አብሮ እንዲበራ ብዬ ከሱ ሽቦ ቀጠልኩት። ጉዱ ምን መሰላችሁ፣ አጭር ላይ ስሆን ሪሌው ቀጭ ይልና ባሩ ቦግ፣ ረጅም ሳደርግ ድርግም! ሪሌ ቀየርኩ፣ ያው ነው። አንዱ ኤሌክትሪሺያን "ቻይና ስለሆነ ነው" ብሎ 300 ብር ተቀበለኝ (ይመችህ ወንድሜ)።

በቴስተር ሳየው የረጅሙ ሽቦ አጭር ላይ 12 ቮልት አለው፣ ረጅም ሳደርግ ዜሮ ይገባል። የድሮ ቶዮታ ብዙው መብራቱ በማሳ በኩል ነው የሚቆረጠው ይላሉ፣ እንደዛ ከሆነ 85ን ከቦዲ ነቅዬ ከረጅሙ ሽቦ ባስረው ይሰራል አይደል? 86ን ግን ቀጥታ ከባትሪ ላርገው ወይስ ከመብራቱ ከራሱ ፖዘቲቭ? ከባትሪ ካረኩት መብራት ሳጠፋ ኤሌክትሪኩ በአምፖሉ ዞሮ ሪሌውን እንዳይስብብኝ ፈራሁ። የሞከረ ካለ ይንገረኝ፣ ቅዳሜ እንግዳ አለብኝ።