መጥፎ ግምገማ ከግል ማህደሬ ማስነሳት እፈልጋለሁ፣ የምታውቁ እርዱኝ

በአሜሪካ ምድር ጦር ውስጥ ሳጅን ነኝ። የቀድሞ ገምጋሚዬ የሥራ አፈጻጸሜን ሲሞላ «መመሪያ አያከብርም» ብሎ ጻፈብኝ፤ በጉዳዩ ግን አንድም ቀን ጠርቶ አላነጋገረኝም። (ተኮራርፈን ነበር፣ እሱን አልደብቅም።) ይግባኝ የሚገባው የግምገማው ዘመን ካበቃበት ቀን ጀምሮ በ3 ዓመት ውስጥ ነው፤ የቀረኝ 4 ወር ብቻ ነው። ማህደር ውስጥ የገባ ግምገማ ትክክል እንደሆነ ስለሚቆጠር፣ ግልጽና አሳማኝ ማስረጃ ማምጣቱ የኔ ሸክም ነው። ያኔ አብረውኝ የነበሩ ሁለት ወታደሮች ሊመሰክሩልኝ ፈቅደዋል፤ ችግሩ ሁለቱም የበታቾቼ ነበሩ። ቃላቸው ክብደት ይኖረዋል? ወይስ እኔንም ገምጋሚዬንም በቅርብ ያየ መኮንን ልፈልግ? ሙሉው ሪፖርት ባይነሳ እንኳ ያቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ማስወጣት ይቻላል? ውድቅ ከሆነ በዲዲ ፎርም 149 (የወታደራዊ መዝገብ ማረሚያ ማመልከቻ ቅጽ) ወደ መዝገብ አራሚው ቦርድ እንደሚኬድ አውቃለሁ። የፈራሁት ገና ከመነሻው እንዳላበላሸው ነው።