አደባባይ ላይ ቤንዚን ለሚያጥራት ቤት-ሠራሽ ስፖርት መኪና ምን ይገዛ? (ጥቆማ)

ይህ ጥቆማ በቮልስ ሻንሲ ወይም ራሳችሁ ባስበየዳችሁት ፍሬም ላይ የኮሮላ ሞተር ጭናችሁ ባለ ሁለት ወንበር ስፖርት መኪና ለምትሠሩ ነው። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ትበራለች። አደባባይ ስትዞሩ ግን ትንተፋተፋለች። ሳልባትዮው (የቤንዚን ታንኩ) ከሩብ በታች ሲወርድ ደግሞ ይብስባታል።

አደባባይ ውስጥ የምንዞረው ወደ ግራ ስለሆነ ቤንዚኑ ወደ ቀኝ ይሸሻል። መምጠጫው ቱቦ በግራ በኩል ከሆነ የሚስበው አየር ነው። ካርቦሬተር ያለው ሞተር በካርቦሬተሩ ጎድጓዳ ውስጥ በተጠራቀመችው ቤንዚን ትንሽ ይታገሣል። ኢንጀክሽን (ቤንዚኑን በግፊት የሚረጭ) ሞተር ግን አይታገሥም፤ 3 ባር አካባቢ የነበረው ግፊት ወዲያው ይወድቃል። ሞተሩ በሙሉ ጉልበት እየሠራ ቤንዚን ካነሰው ፒስተን እስከ ማቅለጥ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ «ትንሽ ትንተፋተፋለች እንጂ ደህና ናት» እያላችሁ አትንዱ።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ትልቅ የቤንዚን ፖምፓ ፍለጋ ነው። በእኔ እምነት የባከነ ገንዘብ ነው። መምጠጫው ጋ ቤንዚን ከሌለ ትልቁም ፖምፓ የሚስበው ያንኑ አየር ነው።

የእኔ አንደኛ ምርጫ አንድ ሊትር የምትይዝ መጠባበቂያ ጣሳ ናት። ሒሳቡን እዩት። 1.6 ሊትር የኮሮላ ሞተር ሙሉ ነዳጅ ተረግጦ በሰዓት ከ30 እስከ 35 ሊትር ገደማ ይጠጣል። 10 ሰከንድ በሚፈጅ ኩርባ የሚያስፈልገው አንድ የቡና ሲኒ ያህል ብቻ ነው። ጣሳዋ ሙሉ ከሆነች ከአንድ ደቂቃ ተኩል በላይ ታቆየዋለች። አሠራሯም ቀላል ነው። ትንሽ፣ የካርቦሬተር መኪና የኤሌክትሪክ ፖምፓ ከሳልባትዮው እየሳበ ጣሳዋን ይሞላል። ዋናው ፖምፓ ከጣሳዋ ታች ይስባል። ከሞተሩ የሚመለሰው ቤንዚን እዚያው ጣሳዋ ውስጥ ይገባል። የተረፈውና አየሩ ከላይ ባለው ቱቦ ወደ ሳልባትዮው ይመለሳሉ። ይህ የላይኛው ቱቦ ሰፊ ይሁን፤ ምንም አይዝጋው። ትንሹ ፖምፓ ከዋናው ጋር እኩል መሆን የለበትም። ሞተሩ በእርግጥ የሚያቃጥለውን ከተካ ይበቃዋል።

ማን ይሥራላችሁ? የበርና መስኮት በያጅ ለፍሬም ጎበዝ ሊሆን ይችላል። ላሜራ ላይ ግን በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ይተዋል። ጣሳዋንም ሳልባትዮውንም ለአርጎን በያጅ ስጡ። ዋጋው ይወደዳል፣ ግን ያዋጣል። አርጎን ካላገኛችሁ ራዲያተር ሠሪ ዘንድ ሂዱ። ውኃ ውስጥ ነክሮ አረፋ እያየ መፈተሽ የዕለት ሥራው ነው። አደራ፣ ቤንዚን የነበረበትን አሮጌ ሳልባትዮ ብየዳ አታስነኩ። ባዶ ቢመስልም ትነቱ ይፈነዳል።

ሳልባትዮውን ከአዲስ ላሜራ የምታሠሩ ከሆነ ውስጡን በክፍልፋይ አስከፍሉት። ክፍልፋዮቹ ታች ላይ ወደ መምጠጫው ብቻ የሚከፈት ትንሽ መዝጊያ ይኑራቸው። ለከተማ መንገድ ይህ ብቻውን ሊበቃ ይችላል።

ሌላው አማራጭ ሶማሌ ተራ (የመኪና መለዋወጫ ገበያ) ገብቶ የአውሮፓ መኪና ፖምፓ ከነፕላስቲክ ባልዲው መግዛት ነው። ባልዲው መጠባበቂያውን ራሱ ይዞ ይመጣል። ግን ቁመቱ ለራሱ ሳልባትዮ የተለካ ነው፤ የእናንተን ጥልቀት ሳትለኩ አትሂዱ። አሮጌ ፖምፓ ስትገዙ ባትሪና ጆግ ያዙ። 30 ሰከንድ ሲሠራ አንድ ሊትር ካላፈሰሰ ተዉት። ሻጩ «ኦሪጅናል ነው» ቢልም የሚፈርደው ጆጉ ነው።

ስፖንጅ የሚሞሉም አሉ። ለቤንዚን የተሠራው ስፖንጅ ይሠራል፣ ግን ሲያረጅ ይፈረፈርና ፊልትሮ ይዘጋል። የፍራሽ ስፖንጅ ግን በጭራሽ አይሆንም፤ ቤንዚን ያበላሸዋል።

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል ያንሳል። በዚያ ላይ ቤንዚን ቶሎ ይተናል። ስለዚህ ፖምፓው መሳብ ሳይሆን መግፋት ይሁን ሥራው። ከሳልባትዮው ዝቅ አድርጋችሁ፣ ከጭስ ማውጫው አርቃችሁ እሰሩት። ከዓባይ በረሃ ሥር ወደ ደጀን በሙቀት ስትወጡ ልዩነቱን ታዩታላችሁ።

ምንም ከመግዛታችሁ በፊት ግን መኪናዋ ስትንተፋተፍ አቁሙና የሳልባትዮውን ክዳን ክፈቱ። ሽው ብሎ አየር ከገባ ችግሩ የሳልባትዮው አየር መተንፈሻ መዘጋቱ ነው። እሱን ማጽዳት ገንዘብ አያስወጣም።

ከዋናው ፖምፓ በኋላ ተራ የጎማ ቱቦ አታድርጉ። «ኤስኤኢ ጄ30 አር9» (SAE J30R9፣ የኢንጀክሽን ቤንዚን ቱቦ ደረጃ) የሚል ጽሑፍ ያለበትን ፈልጉ፤ መርካቶ ስትገዙ ጽሑፉን ራሳችሁ አንብቡ። ፋሸታውም (የቱቦ ማሰሪያው) ጥርሱ ቱቦውን የማይበላው ዓይነት ይሁን።