የዓይን ምርመራው ዕቅድ፦ ኮሮና ለታመሙት ብቻ ወይስ ስኳርና ግፊት ላለባቸው ሁሉ?

ጸሐፊዋ፦ እንደምን አመሻችሁ። ማህበራችን ለጤና ጽሕፈት ቤቱ የሚያቀርበው ሐሳብ የመጀመሪያ ረቂቅ ይኸውላችሁ። «በደሴ፣ በኮምቦልቻና በሐይቅ አካባቢ ኮሮና ታመው የዳኑ ሰዎች የዓይናቸው የኋላ ክፍል እንዲመረመር እንጠይቃለን። ቫይረሱ የዓይንን ደም ስሮች ያጠቃል። ማህበሩ ቅስቀሳውንና የትራንስፖርት ወጪውን ይሸፍናል፤ ምርመራውን የዓይን ባለሙያዎች ይሠሩታል።» የሚጨመረውንም የሚቆረጠውንም ጻፉ። ሲስተር፣ የዓይን ነገር ያንቺ ነውና ካንቺ እንጀምር።

ሲስተር (የዓይን ነርስ)፦ አብሽሩ፣ ጥሩ ጅምር ነው። ሐሳቡን የሚያነበው ሰው የዓይን ሐኪም ላይሆን ስለሚችል ነገሩን ከሥሩ እንጻፍለት። ከዓይናችን ጀርባ ሬቲና የሚባል ስስ ሽፋን አለ። ብርሃን የሚቀበለው እሱ ነው። ሰውነት ሳይቀደድ ደም ስር በቀጥታ የሚታይበት ቦታ ቢኖር ሬቲና ነው። ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ እናደርጋለን፤ ብሌኑ እስኪከፈት ሃያ ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ እንጠብቃለን፤ ከዚያ ጨለም ባለ ክፍል የዓይንን ጀርባ በሚያሳይ መሣሪያ፣ በኦፍታልሞስኮፕ፣ እናያለን። መደቡ ብርቱካንማ ቀይ ነው። ከዓይን ነርቭ አፍ ላይ ተነስተው የሚሰራጩ ደም ስሮች ይታያሉ። ደም መላሾቹ ወፈርና ጠቆር፣ ደም ቅዳዎቹ ቀጠንና ደመቅ ይላሉ።

ሲታመም ደም መላሹ ያብጣል፣ ይጠማዘዛል። ነቁጥ የምታክል ደም ትፈስሳለች። ጥጥ የሚመስል ነጭ ነጠብጣብም ይወጣል። ነጠብጣቡ መግል አይደለም። ደም የተቋረጠባት ትንሽ የነርቭ ቦታ ስታብጥ ነው እንዲያ የሚመስለው። ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ ይጠፋል፤ ሰውየው ጨርሶ ላያውቀውም ይችላል።

ኮሮና እዚህ ምን ያገባዋል? ቫይረሱ ሴል ውስጥ የሚገባው ኤሲኢ 2 በሚባል ተቀባይ ላይ ተጣብቆ ነው። ሕመሙ ሲበረታ መላ ሰውነት ይቆጣል፣ የደም ስር የውስጥ ግድግዳም ይጎዳል፣ ደሙ ቶሎ መርጋት ይጀምራል። አንድ ቀይ የደም ሴል ከ7 እስከ 8 ማይክሮሜትር ስፋት አለው። የሬቲና ቀጫጭን ደም ስሮች ከዚያ ብዙም አይሰፉም። ትንሽ የረጋ ነገር ይዘጋቸዋል።

መምህር፦ ሲስተር አመሰግናለሁ። እኔ ግን «ያጠቃል» የሚለውን ቃል እቃወማለሁ። እ.ኤ.አ. በ2020 ከብራዚል 12 ታማሚዎች ላይ የታየ ለውጥ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጣ። አራቱ ላይ ጥጥ መሳይ ነጠብጣብና ጥቃቅን የደም መፍሰስ ነበር። የማየት አቅማቸው ግን አልተነካም። ወዲያው ሌሎች ሐኪሞች «በምስሉ ላይ ሕመም ነው ካላችሁት ከፊሉ ጤነኛ ደም ስር ነው» ብለው ተከራከሩ። በዚያው ዓመት ጣሊያን ውስጥ ሚላኖ ላይ 54 ታማሚዎችን ከ133 ሌሎች ሰዎች ጋር አነጻጽረው የታማሚዎቹ የሬቲና ደም መላሾች ሰፋ ብለው አገኙ። ሕመሙ የበረታባቸው ላይ ይበልጥ ሰፍቶ ነበር። ይሄኛው ለእኔ ክብደት አለው።

ግን ሆስፒታል የተኛ ሰው ብዙ ጊዜ ግፊትም ስኳርም አለበት። ኦክስጅን ያጥረዋል። ቁጣውን የሚያበርድ ዴክሳሜታዞን የሚባል መድኃኒት ይሰጠዋል፤ እሱ ደግሞ የደሙን ስኳር ከፍ ያደርጋል። ታዲያ ነጠብጣቡ የቫይረሱ ነው ወይስ የስኳሩ? ለይቶ መናገር ይከብዳል። «ኮሮና ያሳውራል» የሚል ወሬ ከኛ ማህበር ወጥቶ ሰው ሲደነግጥ ማየት አልፈልግም። «ሊጎዳ ይችላል» እንበል።

ጸሐፊዋ፦ ተቀብያለሁ። «ሊጎዳ ይችላል» ተብሎ ተስተካክሏል።

ሐጂ (ገንዘብ ያዥ)፦ ልጆቼ፣ እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ኮሮና የታመመውን በምን ታውቁታላችሁ? በሽታው አገራችን ገባ የተባለው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው። ከዚያ ወዲህ በኛ ሰፈር ስንቱ «ጉንፋን ነው» ብሎ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት አፍልቶ ጠጥቶ ተነሳ። ማን ተመረመረ? የተመረመረውም ቢሆን፣ በ2014ቱ ጦርነት በወሎ ስንት ጤና ተቋም እንደተዘረፈ ታውቃላችሁ። የብዙ ሰው ካርድ የለም። ወረቀት አምጣ ብንል የሚመጣው ጥቂት ነው፤ እሱም የተማረውና ከተሜው ነው። የገጠሩን ሰው በር ላይ አስቀረነው ማለት ነው።

መምህር፦ ሐጂ ትክክል ብለዋል። ይህን አላሰብነውም ነበር።

የሐይቅ አባል፦ እኔም የናቴን ነገር ልንገራችሁ። ግፊት አለባት። ያ ከባድ ሳልና ትኩሳት ከያዛት በኋላ አንድ ጠዋት «ግራ ዓይኔ ጭጋግ ሆነብኝ» አለች። አልቀላም፣ አላመማትም። አንድ ጤና ተቋም ወሰድናት፤ በባትሪ አይተው «ሞራ ነው፣ ዘመቻ ሲመጣ ይገፈፍላታል» አሉን። ጠበቅን። ዘመቻው ሲመጣ ሐኪሙ ጠብታ አድርጎ አየና የኋላው ደም ስር ተዘግቶ እንደነበር ነገረን። ዛሬ በዚያ ዓይን ጥላ ብቻ ነው የምታየው። የሳሉ ይሁን የግፊቱ አላውቅም። ጥሩ መልስ እንኳ ባይኖረን በጊዜ የሚያይላት ሰው ነበር የሚያስፈልጋት።

ሲስተር፦ አይዞሽ እህቴ። የናትሽ ነገር የሬቲና ደም መላሽ መዘጋት ነው የሚመስለው። የመስኖ ቦይ መውጫው ሲደፈን ውሃው ወደ ኋላ ሞልቶ ማሳውን እንደሚያጥለቀልቀው ነው። ደሙ መውጫ ሲያጣ ሬቲናው ላይ ይፈስሳል፣ ማዕከሉ ያብጣል። ዋናው አጋላጭ ግፊት፣ ስኳርና ዕድሜ ነው። ኮሮና በታመሙ ሰዎች ላይም ተከስቶ ተመዝግቧል። በጊዜ ከተደረሰበት ዓይን ውስጥ የሚሰጥ መርፌ አለ፤ እብጠቱን ያወርዳል። ደም ቅዳው ሲዘጋ ግን ይብሳል። ሰዓታት ናቸው ያሉት።

አንድ ነገር በጣም ያንገበግበኛል። በኛ አገር ለትራኮማ መድኃኒት ይታደላል፣ ለሞራ ዘመቻ ይደረጋል፤ ይህ ብዙ ሰው አድኗል፣ ይቀጥል። ነገር ግን የሽማግሌ ዓይን በደከመ ቁጥር «ሞራ ነው» ማለት ለምዶብናል። ሞራ ቀስ እያለ ነው የሚጋርደው። በአንድ ጠዋት፣ በአንድ ዓይን፣ ያለ ሕመም የጠፋ እይታ ዘመቻ አይጠብቅም። በዚያው ቀን ሐኪም ጋ መሮጥ ነው። ይህ በሐሳቡ ውስጥ በጉልህ ካልገባ እኔ አልፈርምም።

መምህር፦ እንግዲህ አቅጣጫው ይቀየር። መስፈርታችን የኮሮና ወረቀት አይሁን። የስኳርና የግፊት ክትትል ያለበት ሰው ሁሉ ይመርመር። ስንመዘግብ «ከባድ ሳል፣ ትንፋሽ ማጠር ወይም ኮሮና ታመው ያውቃሉ? መቼ?» ብለን እንጠይቅ። ቫይረሱ ያደረሰው ጉዳት ካለም እዚያው ውስጥ ይታያል፤ ከሌለም ስኳሩ የጎዳው ዓይን ይገኛል። ማንም በከንቱ አይለፋም።

ሐጂ፦ ይሄ ገባኝ። ወጪውም ይቀንሳል። ሰዎቹ ለክትትል በየወሩ ጤና ጣቢያ ይመጣሉ፤ የተለየ ቀን መቅጠር የለብንም።

የባጃጅ ሾፌሮች ተወካይ፦ እኛ ጠብታ የተደረገለትን ሰው ማድረስ እንችላለን። ለደሴ ውስጥ ቤንዚኑን ብቻ ቻሉን። ግን ሾፌር ራሱ ቢመረመርስ?

ሲስተር፦ ያን ቀን እንዳይነዳ! ብሌኑ ለሰዓታት ሰፍቶ ይቆያል። ፀሐይ ያንጸባርቅበታል፣ የቅርብ ነገር ይደበዝዝበታል። አጃቢ ይዞ ይምጣ፣ ባርኔጣ ያድርግ። ጠባብ ማዕዘን ግላኮማ የሚባለው የዓይን ሕመም አለብህ የተባለ ሰው ደግሞ ጠብታው ሳይደረግለት በፊት ይናገር።

ጸሐፊዋ፦ ቅስቀሳውስ በምን ይሁን? ወረቀት መለጠፍ ብዙ ርቀት አይሄድም።

ሐጂ፦ በየቅሬው፣ በየዕድሩ ማለቴ ነው፣ ይነገር። ቅሬ የማይገባ ቤት የለም። ከመስጊድም ከቤተ ክርስቲያንም አንዳንድ ሰው እናነጋግር። እኔ የደሴዎቹን ሰፈሮች የሸዋ በርንና የሆጤን ቅሬ ዳኞች አናግራለሁ።

ሲስተር፦ አንድ ቀሪ አለ። መርምረን ችግር ያገኘንበትን ሰው ወዴት ነው የምንልከው? «አለብህ» ብሎ ቤቱ መመለስ ነውር ነው። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና አለ። ከዚያ የከበደውን ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ምኒልክ ሆስፒታል ሪፈር ሊጻፍለት ይችላል። ግን አስቀድመን እንስማማ፤ ቦታ መያዛቸውን በደብዳቤ ያረጋግጡልን። ያ ሳይመጣ አንድ ሰው እንኳ እንዳንጠራ።

ጸሐፊዋ፦ ሁለተኛው ረቂቅ፦ «የስኳርና የደም ግፊት ክትትል ያላቸው ነዋሪዎች በክትትል ቀናቸው ብሌን በሚያሰፋ ጠብታ የሬቲና ምርመራ እንዲያገኙ እንጠይቃለን። ኮሮናን የመሰለ ከባድ የመተንፈሻ ሕመም የዓይንን ጥቃቅን ደም ስሮች ሊጎዳ ስለሚችል፣ ያለፈ ሕመማቸው አብሮ ይመዘገባል። ችግር የተገኘበት ሰው የሚላክበት ሆስፒታል አስቀድሞ በደብዳቤ ይታወቃል። በድንገት በአንድ ዓይን እይታ ማጣት የዕለት አስቸኳይ መሆኑን ማህበሩ በየቅሬው ያስተምራል።»

ሲስተር፦ «ያለ ሕመም እንኳ ቢሆን» የሚለውን ጨምሪበት። ሰው የማይመጣው ስላላመመው ነው።

ጸሐፊዋ፦ ገብቷል። የቦሩ ሜዳውን ደብዳቤ መምህርና ሲስተር አብረው ይውሰዱት። ሐጂ የባጃጁን ቤንዚን ግምት ያቅርቡልን። እስከ ሐሙስ ማታ ተቃውሞ ካልመጣ ዓርብ ጠዋት ማህተም ይደረግበታል።

የሐይቅ አባል፦ የሐይቅ ጤና ጣቢያ የክትትል ቀን የትኛው እንደሆነ ነገ ጠይቄ እጽፋለሁ። እናቴም በቀኝ ዓይኗ ቀድማ ትመዝገብልኝ።