ከሥራ ተቀንሼ ቤት ነኝ፤ ባለችኝ ጥቂት ብር የትኛውን የኦንላይን ትምህርት ልጀምር?

የጦሳ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ደሴ ነው፤ ባለትዳርና የአንድ ልጅ እናት ነኝ። በአንድ አገር በቀል ድርጅት ውስጥ ለዓመታት ዳታ ኦፊሰር ሆኜ ሠርቻለሁ። ሥራዬ ከጤና ጣቢያዎችና ከጤና ኬላዎች የሚመጣውን ወርሃዊ ሪፖርት መሰብሰብ፣ ከመዝገብ ጋር ማመሳከር፣ የጎደለውን እየደወልኩ ማስሟላት፣ ከዚያም በኤክሴል አዘጋጅቼ ማቅረብ ነበር። ፕሮጀክታችን በአሜሪካ እርዳታ የሚንቀሳቀስ ስለነበር ጥር 2017 ላይ እርዳታው እንዲቆም ሲታዘዝ የእኛም ሥራ ቆመ። መጀመሪያ ለ90 ቀን ነው ተባለ። ከዚያ ውላችን መቋረጡን የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰን፤ ላፕቶፑንም ሞደሙንም አስረክቤ ወጣሁ።

አሁን ቤቱን የያዘው ባለቤቴ በመምህርነት ደመወዙ ነው። እኔ ከቁጠባዬ አውጥቼ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛሁ፣ ራሙ 8 ነው። እጄን አጣጥፌ ማስታወቂያ መጠበቅ አልፈልግም። ግን ቴሌግራም ስከፍት አንዱ ሳይበር ሴኪዩሪቲ ተማሪ ይላል፣ ሌላው ዲጂታል ማርኬቲንግ፣ ሌላው ደግሞ ኤአይ ያልተማረ ሰው ከእንግዲህ ሥራ አያገኝም ይላል። እዚህ ከተማ ያለ አንድ ማሠልጠኛ የባለቤቴን የሁለት ወር ደመወዝ የሚያህል ክፍያ ጠየቀኝ።

ልጄ የምትተኛው ሦስት ሰዓት አካባቢ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት የእኔ ነው። እባካችሁ በእውነት የተማራችሁበትን ንገሩኝ። ምን ልማር? ሳልከፍል መማር ይቻላል? የኦንላይን ሰርተፊኬት ቀጣሪ ፊት ዋጋ አለው?

ፒችትሪ ከአዳማ፦

አይዞሽ እህቴ። እኔ በሙያዬ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ የምነግርሽ የኖርኩትን ነው። ትምህርቱ ጥሩ ነው፣ ግን ገቢ የሚያመጣበትን ቀን አታርቂው። ብር ከተዳከመ ወዲህ ደመወዜ ለወሩ አልደርስ ሲል ፒችትሪ የሚባለውን የሂሳብ መዝገብ ሶፍትዌር በደንብ ተማርኩ፤ ማታ ማታ የነጋዴዎችን መዝገብ መያዝ ጀመርኩ። የግብር ጊዜ ሲመጣ አነስተኛ ግብር ከፋዮች ሰው ያጣሉ፣ የሚያግዛቸውን ይፈልጋሉ። አንቺ ኤክሴል የምትችዪ ከሆነ ፋርማሲዎችና የግል ክሊኒኮች የመድኃኒት ስቶካቸውን የሚያስተካክልላቸው ሰው ይፈልጋሉ። ሄደሽ አነጋግሪያቸው። ትንሽም ቢሆን ገቢ ካለ አእምሮ ይረጋጋል፤ የተረጋጋ ሰው ደግሞ የተማረው ይገባዋል።

ለማሠልጠኛው ግን የሁለት ወር ደመወዝ እንዳትከፍዪ፣ አደራ።

ኮድ ጀማሪ፦

የኔ እህት፣ የመንግሥትን 5 ሚሊዮን ኮደርስ አይተሽዋል? በሐምሌ 2016 ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር የተጀመረው ነው። ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው፣ ሲያልቅ ሰርተፊኬት ይሰጣል። የፕሮግራሚንግ መሠረታዊ፣ የአንድሮይድና የዳታ ሳይንስ ኮርስ አለው። ለአንቺ የዳታ ሳይንሱ ይሆናል እላለሁ። ጠለቅ ያለ ከፈለግሽ የሐርቫርዱ ሲኤስ50 የሚባል የኮምፒውተር ሳይንስ መግቢያ ኮርስ አለ። እሱም ነፃ ነው፤ ሥራዎቹን ሁሉ ሠርተሽ ካስረከብሽ ሐርቫርድ ራሱ ያለ ክፍያ ሰርተፊኬት ይሰጥሻል። ኢዴኤክስ በሚባለው የኦንላይን ትምህርት ድረ ገጽ በኩል የተረጋገጠውን ሰርተፊኬት ከፈለግሽ ነው የምትከፍዪው። ከባድ ነው፤ ግን የሚያስተምረው አስተሳሰብ ዕድሜ ልክ ይጠቅማል።

ጣና ዳር፦

የጦሳ ልጅ፣ እኔም ባሕር ዳር ላይ ያንቺን ሥራ ስሠራ ነው የኖርኩት። የእኔ ፕሮጀክት ካንቺ ቀደም ብሎ በጀት አልቆበት ተዘጋ። አሁን ለአማካሪ ድርጅቶች በውል የዳታ ትንተና እሠራለሁ። ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልሽ፤ ቢረዝምም ታገሺኝ።

እንደ አዲስ ሰው ከባዶ አትጀምሪ። የጤና ኬላ ሪፖርት ለምን እንደሚዘገይ ታውቂያለሽ። የአንድ ጤና ጣቢያ ፔንታ 3 (የሕፃናት ክትባት ሦስተኛው ዙር) ከፔንታ 1 (ከመጀመሪያው ዙር) በልጦ ብታዪ ማንም ሳይነግርሽ ስልክ አንስተሽ ትደውያለሽ። ይህን በየትኛውም ኮርስ አታገኚውም፤ ወረዳ ለወረዳ በመዞር የተገኘ ዕውቀት ነው። ነገ ሳይበር ሴኪዩሪቲ ብትጀምሪ ከሃያ ዓመት ልጆች ጋር እኩል ትሰለፊያለሽ፣ ዓመታትሽ አይቆጠሩልሽም። የምትማሪው ነገር እዚያ የመስክ ዕውቀት ላይ የሚያርፍ ይሁን። ኮድ ጀማሪ ያለው መልካም ነው፣ እኔ ግን ለአሁኑ አላስቀድመውም። ቤት ውስጥ ገቢ በጎደለበት ሰዓት መጀመሪያ የሚያስፈልግሽ በቅርብ ወደ ሥራ የሚመልስሽ ነው።

ሁለት ነገር እመክርሻለሁ። አንደኛው ዲኤችአይኤስ 2፣ ማለትም የጤና ሪፖርት የሚገባበትና የሚተነተንበት ሶፍትዌር ነው። ዳታ ማስገባቱን ታውቂዋለሽ፤ የጎደለሽ የውስጡ አሠራር ነው፦ ፎርም እንዴት እንደሚዘጋጅ፣ ኢንዲኬተር (መለኪያ) እንዴት እንደሚሰላ፣ የጥራት መቆጣጠሪያ ሕግ እንዴት እንደሚጻፍ። ሶፍትዌሩን የሚያለማው በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ያለው ቡድን ነው፤ ከ70 በላይ ሀገሮች ይጠቀሙበታል። ስለዚህ ደሴ የተማርሽው ኪጋሊም ካምፓላም ይሠራል፤ የውል ሥራ ማስታወቂያዎች ላይም ደጋግሞ ይመጣል። የኦንላይን አካዳሚያቸው መሠረታዊ ኮርሶችን በነፃ ይሰጣል። መለማመጃ ደግሞ ለማንም ክፍት የሆነ ሰርቨር አላቸው። የሴራሊዮን የሙከራ ዳታ አለበት፣ የመግቢያ ስምና የይለፍ ቃሉ እዚያው ተጽፏል። ገብተሽ እንደልብሽ ሥሪ፤ ብታበላሺው ራሱ ወደነበረበት ይመለሳል። እኛ መሥሪያ ቤት እያለን አስተዳዳሪው ብቻ የሚነካውን ክፍል እዚያ ከፍተሽ ማየት ትችያለሽ።

ሁለተኛው ፓወር ቢአይ፣ ማለትም ዳታን ወደ ግራፍና ሪፖርት የሚቀይር የማይክሮሶፍት ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ በነፃ ይወርዳል፣ ራም 8 ይበቃዋል። ትምህርቱን ከማይክሮሶፍት ለርን ተማሪው፤ ነፃ ነው፣ አብዛኛው ጽሑፍ ስለሆነ ደግሞ ዳታ አይበላም። በተለይ ፓወር ኩዌሪ የሚባለውን ክፍል አትዝለዪው። ስልሳ ጤና ኬላ በስልሳ ፋይል የላከውን ሪፖርት በእጅ እየገለበጥን ያመሸንባቸው ሌሊቶች ትዝ ይሉሻል? እሱ አቃፊውን ብቻ ታሳዪዋለሽ፣ ሁሉንም ይሰበስባል፤ በቀጣዩ ወር ማደስ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የአንቺ ዕውቀት የሚያበራበት ቦታ አለ። ፓወር ቢአይ የሚያውቀው የፈረንጆቹን የቀን አቆጣጠር ብቻ ነው። የእኛ የጤና ሪፖርት ደግሞ ከ21 እስከ 20 ነው። የጥር 2017 ሪፖርት ስንል ከታኅሣሥ 21 እስከ ጥር 20 ማለታችን ነው፤ በእነሱ አቆጣጠር ከዲሴምበር 30 ቀን 2024 እስከ ጃንዋሪ 28 ቀን 2025። ይህን የማያውቅ ሰው የጥርን ዳታ ጃንዋሪ ብሎ ያስቀምጠዋል፣ ከዚያ ግራፉ በሙሉ ይዛባል። ዲኤችአይኤስ 2 የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠር ይደግፋል፤ ዳታው ወደ ፓወር ቢአይ ሲወጣ ነው ችግሩ የሚመጣው። የመጀመሪያ ሥራሽ ይህን የሚያገናኝ የቀን ሰንጠረዥ ይሁን፦ በአንድ ዓምድ የእነሱ ቀን፣ በሌላው የእኛ ቀን፣ በሌላው የሪፖርት ወር። ጳጉሜን አትርሺ፤ እንደ 2015 ባለው ዓመት ስድስት ቀን ናት። ማንም ሳያስተምርሽ የምትሠሪው ሥራ ነው፤ ለቃለ መጠይቅም ሁለት ሰዓት የምታወሪበት ነገር ይሆንሻል።

መለማመጃ ዳታ ስትፈልጊ የቀድሞ ድርጅትሽን ፋይል አትንኪ፣ እቤትሽ ቀርቶ ከሆነም አጥፊው። የታካሚ መረጃ ነው፣ የእኛም አይደለም። የዓለም ባንክ ከስታቲስቲክስ አገልግሎት ጋር የሚያካሂደው የኢትዮጵያ የቤተሰብ ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ጥናት አለ፤ የ2018/19 እና የ2021/22 ዙሮቹ በነፃ ይገኛሉ። ተመዝግበሽ ለምን እንደፈለግሽው ትጽፊያለሽ፣ ታወርጂዋለሽ። ገጠርና ከተማ፣ ጤና፣ ትምህርት፣ የምግብ ዋስትና ሁሉም አለው።

ስለ ክፍያ። ኮርሴራ በሚባለው የኦንላይን ትምህርት ድረ ገጽ ላይ በወር 49 ዶላር የሚጠይቁ ሰርተፊኬቶች አሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ዶላሩ 57 ብር አካባቢ ስለነበር 2,800 ብር ገደማ ይሆን ነበር፤ አሁን ከ6,000 ብር በላይ ነው። በብር ደመወዝ ለሚኖር ሰው ይህ ቀልድ አይደለም፣ ዶላር የሚከፍል ካርድ ማግኘቱም ሌላ ጣጣ ነው። ግን ኮርሱ ገጽ ላይ የገንዘብ ድጋፍ መጠየቂያ አለ፤ ገቢሽንና ለምን መማር እንደፈለግሽ ትጽፊያለሽ፣ መልሱ ሁለት ሳምንት ገደማ ይወስዳል። ሙሉውን ላይሸፍኑልሽ ይችላሉ። ሁኔታሽን ሳታፍሪ ጻፊው፤ ያለሽበትን እውነት እየተናገርሽ ነው፣ ልመና አይደለም።

ኢንተርኔቱን በተመለከተ፣ ክልላችን ውስጥ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ሞባይል ዳታ ለወራት ሲዘጋ ያዳነኝ ቀድሞ ማውረድ ነው። የሌሊቱን ጥቅል እየገዛሁ ቪዲዮውን በኮርሴራ መተግበሪያ አወርደዋለሁ። አብዛኛው ቪዲዮ ከሥሩ በጽሑፍ የተቀመጠ ስላለው ብዙ ጊዜ ጽሑፉን ብቻ አነባለሁ፤ ይፈጥናልም። መብራት የሚጠፋበትን ሰዓት አታውቂውምና ላፕቶፕሽ ሁልጊዜ ሞልቶ ይደር።

የጦሳ ልጅ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ጣና ዳር፣ የ21ን ነገር ሳነብ ዓይኔ እንባ ሞላ። ያ ሁሉ ዓመት ከንቱ የቀረ መስሎኝ ነበር። ወንድሜ ፒችትሪ፣ ሰፈራችን ያለውን ፋርማሲ ዛሬ ጠዋት ሄጄ አነጋግሬያለሁ፤ የስቶክ መዝገባቸውን አሳዩኝ፣ ሰኞ ተመለሺ ብለውኛል።

ፓወር ቢአዩን አወረድኩት። አንድ ነገር ተቸገርኩ፦ የሠራሁትን ሌላ ሰው እንዲያየው ኦንላይን ላድርገው ስል በጂሜይሌ አልቀበልም አለኝ። ደግሞም ሰርተፊኬቱን በተመለከተ ቀጥተኛ መልስ እፈልጋለሁ።

የቅጥር ኮሚቴ አባል፦

ስለ ሰርተፊኬቱ እኔ ልመልስልዎ። ለአንድ የጤና ፕሮጀክት በቅጥር ኮሚቴ ውስጥ እቀመጣለሁ። ካለፈው ዓመት ወዲህ ለአንድ ቦታ የሚመጣው ማመልከቻ እጅግ በዝቷል፤ እንደ እርስዎ ልምድ ያላቸው ሰዎች ናቸው የተበተኑት፣ ያሳዝናል። አስር ሰርተፊኬት የደረደረ ሲቪ ብዙ አያለሁ፤ የሚያቆመኝ እሱ አይደለም። የጽሑፍ ፈተናውን የምናወጣው የተበላሸ የኤክሴል ፋይል ሰጥተን አስተካክሉና አንድ ገጽ ትንተና ጻፉ ብለን ነው። እዚያ ላይ የሚለየው በእጁ የሠራ ሰው ነው። አንድ ሁለት አግባብነት ያለው ሰርተፊኬት ያስገቡ፤ ከሥሩ ግን የሠሩትን ሥራ የሚያሳይ አንድ መስመር ይጻፉ። ለምሳሌ የሪፖርት ወርን ከፈረንጆች ቀን ጋር የሚያገናኝ ሰንጠረዥ ሠርቻለሁ ብለው ቢጽፉ፣ እኔ በግሌ ደውዬ እጠይቅዎ ነበር። ማመልከቻ ሲልኩ ኢትዮጆብስን ብቻ ሳይሆን ሪሊፍዌብንም ይከታተሉ፤ የአጭር ጊዜ የውል ሥራዎች እዚያ ይወጣሉ።

ጣና ዳር፦

ፓወር ቢአይ ኦንላይን የሚቀበለው የመሥሪያ ቤት ወይም የትምህርት ቤት ኢሜይል ብቻ ነው፤ ያንቺ ጥፋት አይደለም። ለአሁኑ ከፕሮግራሙ ላይ ሪፖርቱን ወደ ፒዲኤፍ አውጪና ከሲቪሽ ጋር አያይዢው፤ ቀጣሪዎች አብዛኞቹ የሚከፍቱት እሱን ነው። ሊንክ መላክ ከፈለግሽ ያንኑ ሰንጠረዥ በጉግል ሺት አስቀምጠሽ ሉከር ስቱዲዮ በሚባለው የጉግል መሣሪያ ላይ ዳሽቦርድ (ግራፎቹን በአንድ ገጽ የሚያሳይ) ሥሪለት፤ በጂሜይል ይሠራል፣ ነፃም ነው። ውበቱ እንደ ፓወር ቢአይ አይደለም፣ ግን በስልክም ይከፈታል።

የፋርማሲው ነገር ደስ ብሎኛል። ሰኞ ስትሄጂ የመድኃኒቶቹ የአገልግሎት ማብቂያ ቀን በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ አስቀድመሽ እዪ፤ እሽጉ ላይ በፈረንጅ ሆኖ መዝገቡ ላይ በእኛ የሚጽፉ አሉ። የቀን ሰንጠረዡን እንደጨረስሽ እዚሁ አያይዢው፣ እኔ የጳጉሜን ረድፎች አረጋግጥልሻለሁ።