መርካቶ ውስጥ ሳልጎተት እንዴት ልገብይ?

መርካቶን የምታውቁ፣ እስቲ ምከሩኝ። ለእህቴ ሠርግ መጋረጃና አልጋ ልብስ መግዛት አለብኝ። ገና ከታክሲ ስወርድ ግን አንዱ ደላላ ይለጠፍብኛል። "የኔ እናት፣ ምን ነበር? ነይ ግቢ፣ አለ!" እያለ ክንዴን ይጎትታል። "አልፈልግም" ስለው "ማየት በነፃ ነው" ይላል። ዝም ስል ይከተለኛል፤ ስቆጣ ስድቡን ያወርደዋል። እሱ መርቶ ያስገባኝ ሱቅ ደግሞ ዋጋው ይሰቀላል፤ የእሱም ድርሻ ከእኔው ኪስ ነው መሰለኝ። እንጀራው እንደሆነ ይገባኛል። ክንዴን ግን ምን አደረግኩት?

በምን ሰዓት ነው ረገብ የሚለው? በራጉኤል በኩል ልግባ ወይስ በአንዋር መስጊድ? ሳንጣላ የሚያስመልሰው አነጋገርስ አለ? ወንድምሽን ይዘሽ ሂጂ እንዳትሉኝ፤ እሱ ከእኔ ብሶ የጠሩት ሱቅ ሁሉ ይገባል። ሠርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ ስለሆነ ቶሎ መልሱልኝ።